ሽቅብ የሚሄዱ ግሶች

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ግስን የሚያከፋፍሉን እንደ ርስት ነበር። አንድ ተማሪ አንድ የግስ ዘር ይወስዳል። ምኑ ከምኑ እንደሚለይ እስከ ፈተናው ቀን ያጠናል፣ በፈተናው ቀን ፊት ወጥቶ ያስረዳል። አብሮን ለሚማር አንድ የባንክ ቤት ሠራተኛ የመስጠትና የመቀበል ግሶች ደረሱት። ከሜዳ የመጣች አንዲት ታጋይ ነበረች፣ በኮንጎ ጫማዋ ከሁላችንም ቀድማ የምትደርስ፤ ለእሷ የመቀመጥ ግሶች ደረሷት። "ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ ስኳትን ኖሬ አሁን ተቀመጪ ይሉኛል!" ብላ ሳቀች። እኔ ጋ ሲደርሱ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝና፣ "አንቺ ሽቅብ ያለውን ውሰጂ" አሉኝ።

ሽቅብ ያለው ማለት መነሳት፣ መውጣት፣ መብረር፣ ማረግ ነው። ለዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስንት ቃል እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ኧረ ስንቱ! ፀሐይ ስትወጣ ሌላ፣ ሰው ተራራ ሲወጣ ሌላ፣ ጭስ ሲወጣ ሌላ። እኛ "ወጣ" ብለን ሁሉንም እንገላግለዋለን። ደስ አላለኝም፣ አልከፋኝምም። የተሰጠኝን ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

እኔ እዚሁ አስመራ ተወልጄ፣ በትግርኛ አፌን ፈትቼ፣ በአማርኛ ተምሬ፣ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ነጻነት ሲመጣ ከተማው ሲጨፍር እኔም ጫማዬ እስኪበጠስ ጨፍሬአለሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የለም። በቃ የለም። ዳይሬክተሩ ጥሩ ሰው ነበር። አልተቆጣኝም፣ አላባረረኝም። "እንግሊዝኛ ተማሪ፣ ፈተናውን አልፈሽ ነዪ፣ ቦታሽ ይጠብቅሻል" አለኝ። ይህን ታሪክ ለምን በአማርኛ ትጽፊዋለሽ የሚሉኝ አሉ። ምን ላድርግ? ለቅሶዬም ስድቤም በትግርኛ ነው፤ ቁጭ ብዬ ነገር ማስተካከል የለመድኩት ግን በአማርኛ ነው። ያልወደደ አያንብበው።

ቤታችን ዓኽርያ ሰፈር ነው። ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይዤ ኮምቢሽታቶ፣ ዋናው ጎዳና ላይ፣ እወርድና ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ወዳለው ክፍል እወጣለሁ። አስተማሪያችን በእንግሊዞች ዘመን በአስተርጓሚነት የሠሩ ሽማግሌ ነበሩ፣ ቁጡ፣ ከረባታቸው ሁልጊዜ የጠበቀ። ግስ ከወረቀት አይለቀምም ባይ ናቸው። "ሂጂና ከተማውን እዪ። የሚነሳ ነገር ሁሉ ምን ብሎ እንደሚነሳ ነገ ትነግሪኛለሽ" ይሉኛል። እኔም ሥራ የለኝ፣ አያለሁ። ቡና ቤቱ ውስጥ ከማኪናው የሚወጣውን እንፋሎት አያለሁ። ከካቴድራሉ ደወል ሥር ብር የሚሉትን ርግቦች አያለሁ። በማግስቱ እነግራቸዋለሁ።

"ርግቦቹስ?" ይሉኛል።

"ሶር አሉ፣ መምህር።"

"ኣይኮነን፣ አይደለም! ርግብ የት አባቷ ሶር ታውቃለች? ሶር ክንፉን አያማታም። አየር ነው የሚሸከመው። ርግብማ ታማታለች፣ ትደክማለች። ሶር ለአሞራ ነው፣ ለንስር ነው።"

እንዲህ እንዲህ እያልን ገባኝ። ራይዝ በራሱ የሚነሳ ነው፤ ፀሐይ፣ ሊጥ፣ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው። ክላይም በእጅም በጉልበትም ነው። አሴንድ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ጌታ ያረገበት። ቴክ ኦፍ መሬትን ለቆ የሚሄድ ነው። ፍሎት የቀለለ ነገር ነው፣ የሚወስደው ካገኘ የሚሄድ።

ቤት ስገባ እናቴን በር ላይ ዱካዋ ላይ፣ ትንሿ መቀመጫዋ ላይ፣ ተቀምጣ አገኛታለሁ። እንግሊዝኛ አታውቅም፣ ፊደልም እምብዛም ነች፤ ግን "ዛሬስ ምን ወጣ?" ትለኛለች። እነግራታለሁ። "ያ የንስሩ ማን ነበር?" ትለኛለች። "ሶር፣ ኣደይ።" "ሶር" ትላለች እሷም። ከእኔ ይልቅ የእሷ ያምር ነበር።

እናቴ በር ላይ የምትቀመጠው ወንድሜን ስትጠብቅ ነው። ለእሷ ሁለት ነን፣ እሱና እኔ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ወንድሜ ሜዳ የወጣው እኔ ገና ልጅ ሳለሁ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ፣ ቀረ። እንደዚያ ነበር የሚወጡት። ነጻነት የመጣ ሰሞን ታጋዮቹ ሲገቡ እናቴ ፈንዲሻ በሰፌድ ይዛ አስፋልት ዳር ቆመች። ባለፈው መኪና ሁሉ ላይ በተነች። ሰፌዱ ባዶ ሲሆን ቤት እየሮጠች ሌላ ቆልታ መጣች። እሱ አልነበረበትም። አንዱ "አሰብ በኩል ነው ያለው" አለን። ሌላው "ከረን አየሁት" አለን። ሜዳ ላይ ስማቸው ሌላ ነው፤ በቤት ስሙ ብትጠይቂ ማን ያውቅልሻል? በመጨረሻ "ሥራ ላይ ነው፣ ይመጣል" የሚለው መልስ ተለመደ።

ከዚያ ወዲህ የውጭ በራችን አይቀረቀርም። ቀን አይቀረቀርም፣ ሲመሽም አይቀረቀርም። ደጅ ኮቴ በሰማች ቁጥር እናቴ ከዱካዋ ትነሳለች። ወተት ሻጭ ሲመጣ ትነሳለች፣ የጎረቤት ልጅ ሲያልፍ ትነሳለች። ጉልበቷ ያማታል፣ ግን ትነሳለች። ራይዝ የሚለውን ሳጠና የማስበው ሊጡን ሳይሆን እሷን ነበር።

ክረምት ገባ። ያን ክረምት ነው ነገር የተለወጠው። መጀመሪያ የተለወጠችው ሓትኖይ ናት፣ የእናቴ እህት። እዳጋ ሓሙስ ላይ በርበሬና ቅመም የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ምላሷ እንደ በርበሬዋ ነው። "ይቺ ልጅ በቁሟ ጠወለገች፣ ያላገባች ሴት እንግሊዝኛ ምን ይሠራላታል?" ስትለኝ ነው የኖረችው። አንድ ቀን እንቁላል በመሐረብ ቋጥራ መጣች። "ብዪ፣ ጭንቅላት ይጠግናል፣ ተማሪ ነሽ" አለችኝ። ጉድ በል አልኩ በሆዴ። በማግስቱ ወተት አመጣች። ከዚያ ደግሞ የወንድሜን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርዳ፣ "መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ አስቀይሬ አመጣዋለሁ" ብላ ወሰደችው። አልተሰነጠቀም ነበር።

ከዚያ የሰፈሩ ሰው ፈተናዬን መጠየቅ ጀመረ። የሻሂ ቤቷ ሴትዮ "ፈተናሽ መቼ ነው?" ትለኛለች። የነፍስ አባታችን ጸበል ሊረጩ መጥተው "ፈተናው ደረሰ?" አሉኝ። ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን የማናውቅ ጎረቤት "እግዚኣብሄር ይርዳሽ፣ መቼ ነው?" አለኝ። በእድሜዬ እንደዚያ የተጠየቀ ፈተና አላየሁም። በሌላ አገር ቢሆን እንዴት ያለ ለትምህርት የሚቆረቆር ሰፈር ነው ያስብል ነበር። እኔ ግን የዚህ አገር ልጅ ነኝ።

እኛ ዘንድ መርዶ ቀን አለው። ተሮጦ አይነገርም። ለነፍሰ ጡር አይነገርም፣ ለታመመ አይነገርም። መንገደኛ እስኪመለስ ይጠበቃል፣ ተማሪ ፈተናውን እስኪጨርስ ይጠበቃል። ሰፈር ሁሉ ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ስፈተን አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ሞተው ነበር። እናቴ አባቷን ቀብራ መጥታ፣ ጠዋት ጠዋት ሻሂ እያፈላችልኝ፣ "አይዞሽ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ" እያለች ፈተና ትሸኘኝ ነበር። የመጨረሻውን ወረቀት አስረክቤ ቤት ስገባ ግቢው ነጠላ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። የሁሉም እንባ አልቆ የእኔ ብቻ ነበር የቀረው። ብቻዬን ጮኼ ብቻዬን ዝም አልኩ።

እና ፌርማታው ላይ፣ ያ ሰውዬ "መቼ ነው?" ሲለኝ፣ አወቅሁ። ወንድሜ ሞቷል። መርዶው የእኔን ፈተና እየጠበቀ ነው።

አልጮህኩም። አውቶቡሱ መጣ፣ ገባሁ፣ ቲኬት ቆረጥኩ። እጄን አየሁት፣ የእኔ አልመስል አለኝ። ክፍል ገብቼ ስለ ማውንት ተማርኩ፤ ፈረስ ላይ መውጣት። ምንም አልተሰማኝም፣ እውነቴን ነው። ሆዴ ውስጥ የነበረ ነገር ሁሉ ተነስቶ የሄደ ይመስል ባዶ ነበርኩ። እንዲያውም ራበኝ። ስወርድ ኮምቢሽታቶ ላይ ዳቦ ገዝቼ እየሄድኩ በላሁ። ሰው ማታ ማታ እንደሚያደርገው አምሮበት፣ ክንድ ለክንድ ተያይዞ ይንሸራሸር ነበር። በመሐላቸው አለፍኩ።

ዓኽርያ ስደርስ እናቴ ዱካዋ ላይ ናት። "ዛሬስ ምን ወጣ?" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው አንጀቴ ቁርጥ ያለው። እሷም አታውቅም ማለት ነው። ለእሷ ከነገሯት ቤቱ ለቅሶ ቤት ይሆናል፣ ለቅሶ ቤት ከሆነ እኔ አልፈተንም፤ ስለዚህ ሓትኖይና ሰፈሩ ሁለታችንንም አፍነውናል። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ የሞተ ልጅ የምትጠብቀው የእኔ ፈተና ስላላለቀ ነው። ፈተናው ያለቀ ቀን ልጇ ይሞታል። ሂሳቡን ስሠራው ይህ ነበር። ሌላ አልታየኝም።

"ፈረስ ላይ መውጣት ነው የተማርነው፣ ኣደይ" አልኳት።

"ጎሽ" አለችኝ፣ ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ያዘች። ሽንኩርት መክተፍ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነበር። በዚያ ክረምት ግን ቢላዋውን ተቀበለችኝ፣ "አንቺ አጥኚ" ብላ። ሓትኖይ ወተት ካመጣች እናቴ ሽንኩርት ብትከትፍ ምን ይደንቃል አልኩ። ሌላም ነገር ነበር፤ የውጭ በራችን ከመሸ መቀርቀር ጀምሯል። ዝናብ ነው፣ ሌባም በዝቷል አልኩ። ደጅ ኮቴ ሲሰማ እናቴ መነሳት ትታለች። ጉልበቴ ትላለች፣ ጉልበቷ ነው አልኩ። ሰው አንድ ነገር አወቅሁ ካለ ሌላው አይታየውም።

የፈተናው ቀን ለመስቀል ማግስት ተቀጠረ። ዋዜማው ላይ አስተማሪዬ ጋ ሄጄ፣ "መምህር፣ አልደረስኩም" አልኳቸው።

"ምኑን አልደረስሽም? ከክፍሉ አንቺን የሚያህል የለም።"

"አልደረስኩም።"

"ያ ሶር ነው ያስቸገረሽ?"

"እወ፣ ሶር ነው።"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ተቆጥተዋል፣ ግን ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ፣ "የሚቀጥለው ፈተና ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ለዚያ ተዘጋጂ" ብለው ለቀቁኝ። ደረጃውን ስወርድ ለእናቴ አንድ መኸርና አንድ ገና አተረፍኩላት ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ ማለት አልችልም። ብቻ አተረፍኩላት ብዬ አሰብኩ።

ቤት ገብቼ ፈተናው ተዛወረ ስላቸው ሓትኖይ እዚያው ነበረች። የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። "እንዴት ይዛወራል? እስከ መቼ?" አለችኝ። ከጥምቀት በኋላ ስላት ተነስታ ጓሮ ወጣች፣ ብዙ ቆይታ ተመለሰች። እናቴ ግን ምንም አልሆነችም። "አይዞሽ፣ የዘገየ አይቀርም" አለችኝ። ቢላዋውንና ሽንኩርቱን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። የዚያን ቀን ከሚያስፈልገው በላይ ከተፈች፣ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ወጡ ሽንኩርት ሽንኩርት ብሎ አልተበላም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ በደንብ አላስታውሰውም። እነሳለሁ፣ እበላለሁ፣ አውቶቡስ እይዛለሁ። ክፍል ውስጥ ያቺ ታጋይ ከጎኔ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ወንድሜን ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ነበር፤ "ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ግራ እጁ ላይ ጠባሳ ያለው" ልላት። ከዚያ ብታውቀውስ? ዝም አይነቅዝም ብዬ ተውኩት። እሷ የመቀመጥ ግሶቿን አልፋ ወደ መተኛት ተሸጋግራለች፣ ይህንን እየነገረችኝ ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ፣ ከአንገት በላይ።

እናቴ በበኩሏ ሥራ በዛባት። የወንድሜን ክፍል በኖራ አስለቀለቀች። "እስኪመጣ አንቺ አጥኚበት" ብላ ጠረጴዛ አስገባችልኝ። አልጋው ላይ አዲስ ሸሚዝ አስቀመጠች፣ ሰማያዊ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሽቅብ ሽቅብ የሚሉ ቃላት ሳነበንብ ሸሚዙ ከኋላዬ ነው። "ወንድምሽ ሲመጣ እህቴ አስተማሪ ናት ይበል እንጂ፣ ሥራ ፈት ናት ይበል?" ትለኛለች። "ጨርሺው በቃ ጓለይ፣ ለእሱ ስትዪ።" እንዲህ ስትል መጮህ ያምረኛል። ተይ፣ አይመጣም፣ ሸሚዙን መልሺው ማለት ያምረኛል። ጥርሴን ነክሼ "እሺ ኣደይ" እላለሁ። በእሷ ተስፋ እናደድ ነበር። አዎ፣ እናደድ ነበር፤ የራሷን ልጅ ስለጠበቀች።

የገና ሰሞን ሓትኖይ በርበሬ ውሰጂ ብላ እዳጋ ሓሙስ ጠራችኝ። ሱቋ ስገባ ደንበኛዋን ቶሎ ሸኝታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከስታለች። ያ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። "ጓለይ" አለችኝ፣ "ይህን ፈተናሽን ደግሞ እንዳታዛውሪው።"

"ከባድ ነው፣ ሓትኖይ።"

"ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ። ግን አይቀርም። ቶሎ ቢያልቅ ይሻላል። ሰው ያልቅብሻል።"

"ማን ነው የሚያልቅብኝ?"

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ "የበርበሬው ነው" አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እኔም የበርበሬው ነው ብዬ የእኔን ጠረግሁ። እንደማውቅ አወቀች። እንዳወቀች አወቅሁ። ሁለታችንም አልተናገርነውም፣ ምክንያቱም ከተናገሩት መርዶ ነው፣ መርዶ ደግሞ ቀኑ አልደረሰም። አንድ ኪሎ በርበሬ መዝና ሰጠችኝ፣ ይዤ ወጣሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የቱን ያህል ልሸሸው? ሓትኖይን አይቼ ልፈተን ወሰንኩ።

ጥምቀት አለፈ። በፈተናዬ ቀን ጠዋት ከቆላው የሚመጣው ጉም ከተማውን ሞልቶት ነበር። በዚያ ወር እንደዚያ ነው፤ ከምሥራቅ በኩል ገደሉን ተንተርሶ ይመጣና መንገዱን ያለብሰዋል። እናቴ ሻሂ አፍልታ ሰጠችኝ። ልብሴን አየችልኝ፣ ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። "ሁሉንም አስታወስሽው? የንስሩንም?" አለችኝ። "የንስሩንም" አልኳት። በሩ ላይ ትቼአት ስሄድ ዞር ብዬ አየኋት። እንደ ልጅ እናት የማያት ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብዬ ነው የዞርኩት፤ የሁለት ልጅ እናት ማለቴ ነው። በጉሙ ውስጥ ነጠላዋ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ክፍሉ ሞልቷል። ፊት ወጣሁ። ድምፄ ደህና ነበር፣ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለኝ ነበር እንጂ። ራይዝን አስረዳሁ፣ ክላይምን አስረዳሁ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ቴክ ኦፍን፣ በካቴድራሉ አሴንድን። ሶር ላይ ስደርስ አስተማሪዬ ፈገግ አሉ። "ያ የሸሸሽው" አሉኝ። "ሶር" አልኩ፣ "ክንፍ የማያማታ በረራ ነው። የሚደክም አይደለም። አየር ይሸከመዋል።" ከዚያ በራስሽ ዓረፍተ ነገር ራይዝን ተናገሪ አሉኝ። እኔም በእንግሊዝኛ፣ እናቴ ኮቴ ስትሰማ ትነሳለች፣ አልኩ።

"ለምን?" አሉኝ፣ እሳቸውም በእንግሊዝኛ። የፈተናው ጥያቄ ነው፣ እንድናገር ነው።

"ሰው የሚመጣ እየመሰላት" አልኳቸው።

"ጽቡቕ" አሉ። አለፍሽ ማለታቸው ነው። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ያቺ ታጋይ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። አመስግኜ ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ። አውቶቡስ ላይ መቀመጫ አገኘሁ። ዓኽርያ ስንደርስ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር።

የግቢያችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገና ከመንገዱ ሰው አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ግድግዳው ሥር ቆመዋል፣ የነፍስ አባታችን መሐል ላይ ናቸው። ፌርማታው ላይ ያገኘሁት ሰውዬም አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሓትኖይ ወደ እኔ መጣች፣ ክንዴን ያዘችኝ። "ጓለይ" አለች፣ "እንግዲህ የእግዜር ነገር..."

"ቆይ" አለ አንድ ድምፅ።

እናቴ ናት። ምንጣፍ ላይ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ነበር፣ ጥቁር ሻሿን አስራ። ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ለማንም አይነሳም። እሷ ግን መሬቱን በእጇ ተደግፋ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ተነሳች። ሁለት ሴቶች ሊይዟት ሲሉ ገፋቻቸው። መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ዓይኗ የደረቀ ነበር።

"አለፍሽ?" አለችኝ።

አልገባኝም። ዙሪያዬን አየሁ። ሓትኖይ መሬት መሬቱን ታያለች።

"አለፍሽ ወይ? ፈተናውን።"

"እወ ኣደይ። አለፍኩ።"

"ተመስገን" አለች። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። "ከክረምት ጀምሮ ይዤዋለሁ" አለቻት፣ ልክ ፈቃድ እንደሚለምን ሰው። "አሁንስ ላልቅስ?"

እዚያው እግሬ ሥር ተቀመጠችና አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ለሰማእት አይለቀስም፣ እልል ነው የሚባለው የሚሉ ነበሩ ያን ዘመን፤ አንዱም ያን ቀን አፉን አልከፈተም። እኔ ቆሜ ቀረሁ። በኋላ እንደሰማሁት፣ የወንድሜ ጓድ እዳጋ ሓሙስ ሱቅ ድረስ መጥቶ ለሓትኖይ የነገራት በክረምቱ መጀመሪያ ነው፤ ሓትኖይም በዚያው ቀን ለእናቴ ነግራታለች። "ልጅቷ እስክትፈተን ማንም እንዳይተነፍስ" ያለችው እናቴ ራሷ ናት። ኖራው፣ ሸሚዙ፣ "ወንድምሽ ሲመጣ" የሚለው፣ ሁሉም እኔ ቶሎ ጨርሼ እሷ እንድታለቅስ ነበር። እኔ ደግሞ ለእሷ ብዬ አዛወርኩት።

ያን ጊዜም እንባ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ከተዝካሩ በኋላ ነው፣ በአንድ ተራ ቀን። ትምህርት ቤት ውዬ ስገባ እናቴ በሩ ላይ የለችም፣ ዱካው ወደ ውስጥ ገብቷል። ወጥ ቤት ሄድኩ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እጇን ታሞቃለች። ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት አለ፣ ያልተላጠ። ቢላዋውን በእጀታው በኩል አዙራ ሰጠችኝ።

"እኔ በቃኝ" አለችኝ፣ "አሁን አንቺ ክተፊ።"